ፊቱን አይቼው የማላውቀው ጓደኛዬ እናቱ አረፉበት፤ ለቅሶ ልድረስ?

አሞራ_ሐዋሳ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሠልስቱ ሐሙስ ስለሆነ ጊዜ የለኝም፣ በቀጥታ ልግባ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ለሥራ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እዚህ ዘመድ የለኝም። መጀመሪያ አካባቢ ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ቁጭ እልና ሲመሽ ቤቴ እገባ ነበር። ፍቅር ሐይቅ ጋ አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ብቻህን ስትሆን ያ መንገድ ይረዝምብሃል። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማይንክራፍት የሚጫወቱ ልጆች ጋ አስገባኝ። እሱ በሳምንቱ ተወው። እኔ ቀረሁ።

ለማታውቁት፣ ማይንክራፍት በብሎክ የተሠራ ዓለም ነው። ትቆፍራለህ፣ እንጨት ትቆርጣለህ፣ ታርሳለህ፣ ቤት ትሠራለህ። ማሸነፍ ካልፈለግክ የሚያስገድድህ የለም። እኛ አምስት ነን። አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ጅዳ፣ እኔ ሐዋሳ፣ አንዱ ደግሞ አዳማ። ጨዋታውን የገዛችልኝ ዱባይ ያለችው እህቴ ነች፣ እኔ የሚከፈልበት ካርድ ስላልነበረኝ። እየተጫወትን የምናወራው ቴሌግራም ላይ ቮይስ ቻት ከፍተን ነው። ብዙ ጊዜ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው የምንገባው።

የአዳማውን ልጅ ጎተራ ነው የምንለው። ያገኘውን ነገር ሁሉ ሳጥን ውስጥ እየደረደረ ያስቀምጣል፣ ለሚያልቅበት ሰው ደግሞ ይሰጣል፣ ስሙን ያወጣንለት ለዚያ ነው። ዓለሙ የሚከፈተውም በሱ ኮምፒውተር ነው። እሱ ሲገባ እንገባለን፣ እሱ ሲወጣ ይዘጋል። 14 ወር ሙሉ እንዲህ ነው ያሳለፍነው። ታይፎይድ ይዞኝ አራት ቀን የተኛሁ ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ እየደወለ «መድኃኒቱን ዋጥክ? ምን በላህ?» ይለኝ የነበረው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት አከራዬ እንኳን መታመሜን ያወቁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ትናንት ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ጨዋታው ውስጥ አንድ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ነው። ሲመሽ ጭራቆች ይወጣሉ። ሌሊቱን ቶሎ ለማሳለፍ ደግሞ ዓለሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አልጋው ላይ መውጣት አለበት፣ አንድ ሰው ከቀረ ቶሎ አይነጋም። አራታችን ተኝተናል። ጎተራ ግን በሩ ላይ ቆሟል። «ጎተራ ተኛ እንጂ» አልነው። ዝም። የጅዳዋ ልጅ «ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ ይሆናል» አለች። ማይኩን ግን አልዘጋውም ነበር። መጀመሪያ በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ የሴት ጩኸት። ከዚያ ሌላ ጩኸት፣ ከዚያ የብዙ ሰው እግር። እዚህ አገር ላደገ ሰው ያ ጩኸት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ማናችንም አልተነፈስንም። ስክሪኑ ላይ እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ነው፣ እኛም አልጋችን ላይ እንደተኛን ነን፣ ጨለማውም እንዳለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሁላችንም አንድ ላይ ከዓለሙ ወጣን። ኮምፒውተሩን የሆነ ሰው አጥፍቶት ነው መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት እህቱ በሱ ስልክ ግሩፑ ላይ ጻፈች። እናታቸው ናቸው ያረፉት። የልጁን እውነተኛ ስም ያወቅኩት በዚያ መልእክት ነው።

ሐሙስ አዳማ ልሂድ? ሥራ ቦታ ሳማክር «ደውልለት፣ ይበቃል፣ ለጌም ጓደኛ ማን ይሄዳል» አሉኝ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አንድ አባት «የኔ ልጅ፣ አንተ ምኑ ነህ?» ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

---

ናዝሬት_04

የአዳማ ልጅ ነኝ። ሂድ።

እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ሰው ምኑ እንደሆነ ተጠይቆ አይገባም። ገብተህ ትቀመጣለህ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ትላለህ፣ አለቀ። ቀጥታ የሚመጣ መኪና ካጣህ አዲስ አበባ የሚሄደውን ያዝና ሞጆ ውረድ፣ ከሞጆ አዳማ ሚኒባስ አይጠፋም። በሌሊት ተነስ፣ አለበለዚያ ስትደርስ ሰው ተበትኖ ታገኘዋለህ። ማደሪያ ካጣህ እዚሁ ጻፍልኝ።

---

ሠፈነ_ልቦና

እኔ ትንሽ ቀስ እንድትል ነው የምፈልገው። ክፉ አትበለኝ።

አንደኛ፣ ልጁ ቤተሰቦቹ ስለናንተ እንዲያውቁ ላይፈልግ ይችላል። ስንት ልጅ አለ ማታ ማታ የሚጫወተውን ቤቱ የማያውቅለት። በእናቱ ለቅሶ ላይ «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው» የሚል ጥያቄ እንዳይጨመርበት። ስለዚህ በራስህ አትነሳ፣ መጀመሪያ ለእህቱ ደውል። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ።

ሁለተኛ፣ ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የጌም ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። አንዱ ልጅ «አባቴ ሞተ» አለን። አልቅሰን ነው ብር ያዋጣነው። አባትየው በሕይወት እንዳሉ ከወር በኋላ ሰማን። ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ማንም ማንንም ማመን አቃተውና ተበተንን፣ እኔም እስከዛሬ ሌላ ጋ መግባት አልቻልኩም። ያንተ ጓደኛ እንደዚያ ነው አላልኩም፣ ጩኸቱን በጆሮህ ሰምተሃል። ብቻ ብር ከመላክህ በፊት ድምፅ ስማ።

---

አሞራ_ሐዋሳ

@ሠፈነ_ልቦና ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ። አሁኑኑ ልደውልላት ነው። ያጋጠመህ ነገር ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

---

ቤዛ_ሶሾ

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሶሺዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ የመመረቂያ ጽሑፌም ከዚህ ነገር ጋር የተያያዘ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሬይ ኦልደንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1989 «ሦስተኛ ቦታ» የሚል ሐሳብ አመጣ። አንደኛው ቦታ ቤትህ ነው፣ ሁለተኛው ሥራህ። ሦስተኛው ማንም ሳይጋብዝህ ገብተህ ከሰው ጋር የምትጨዋወትበት ነው፣ ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ። እኛ ጋ ቢሆን ጠላ ቤቱና የመንገድ ዳር ጀበና ቡናው። ለአዲስ ከተማ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ሦስተኛው ነው፣ ቤትና ሥራ አግኝተህ እንኳን እሱን ላታገኘው ትችላለህ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኮንስታንስ ስታይንኩለርና ዲሚትሪ ዊሊያምስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትባቸው የኦንላይን ዓለሞች እንደ ሦስተኛ ቦታ ሊያገለግሉ ይችላሉ ብለው ጻፉ። አሞራ ስለ ሐይቁ ዳር የጻፈውን ሳነብ ያስታወስኩት ይሄን ነው።

ግን እነሱም አንድ ነገር አስቀምጠዋል። እንዲህ ያሉት ቦታዎች ከማታውቀው ዓይነት ሰው ጋር ለማገናኘት ጎበዝ ናቸው። ድልድይ ናቸው። ስትወድቅ የሚያነሳህን የጠበቀ ዝምድና መስጠት ላይ ግን ያን ያህል አይደሉም። ስለዚህ አሞራ፣ ሰው እንዲህ ያለ ጓደኝነት ስስ ነው ሲልህ ዝም ብሎ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የናንተ ግን በታይፎይዱ ጊዜ ያንን መስመር ያለፈ ይመስለኛል።

---

ታቦር_ሥር

@ቤዛ_ሶሾ እኔ ስስ ነው በሚለው አልስማማም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ማትስ ስቴን የሚባል ኖርዌጂያዊ ልጅ ነበር። ዱሼን የሚባለው ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዳክም በሽታ ይዞት የተወለደ። በልጅነቱ ዊልቸር ላይ ተቀመጠ፣ እያደር የሚንቀሳቀሱለት ጣቶቹ ብቻ ሆኑ። ቀንና ሌሊት ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባል የኦንላይን ጌም ይጫወት ነበር። ወላጆቹ ልጃችን ጓደኛ ሳይኖረው፣ ፍቅር ሳያይ፣ ለማንም ሳይጠቅም አለፈ ብለው ነበር የሚያዝኑት። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ ሞተ። አባቱ የልጁን ብሎግ ከፍቶ መሞቱን ጻፈና የኢሜይል አድራሻውን ከሥር አስቀመጠ። ከዚያ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ መጣ። እዚያ ዓለም ውስጥ ኢበሊን በሚል ስም ነበር የሚያውቁት። አንዱ ከሰው ጋር ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ሌላዋ ሲጨንቃት የምታማክረው እሱ ነበር። ስታርላይት ይባላል ማኅበራቸው። ከዚያ ማኅበር ሰዎች ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ተነስተው ኦስሎ ለቀብሩ መጡ። አንዳቸውም እሱን በአካል አይተውት አያውቁም ነበር።

እኔ ሁሌ የማስበው ስለ አባትየው ነው። እነዚያ ሰዎች «በአካል ስለማናውቀው ይቅር» ብለው ቢቀሩ ኖሮ፣ እኒያ አባት ልጃቸው ምን ያህል እንደተወደደ ሳያውቁ ነበር የሚኖሩት። አሞራ፣ አንተ የምትሄደው ለጎተራ ብቻ አይደለም። እህቱም ወንድሟ ማታ ማታ ከማን ጋር ሲያወራ እንደነበር ትይ።

---

እመ_ብሌን

ልጆቼ ሰላም አመሻችሁ። እኔ ጌም የሚባለውን አላውቅም። ይሄን ያሳየችኝ ልጄ ነች፣ እኔ እየነገርኳት ነው የምትጽፈው። እኔም የሐዋሳ ሰው ነኝ፣ በዕድር ውስጥ ሃያ ዓመት በላይ ስላገለገልኩ ለቅሶ ቤት አውቃለሁ።

ባለቤቴ በጉብዝናው ጊዜ የብዕር ጓደኛ ነበረው። ያኔ መጽሔት ላይ የብዕር ጓደኛ የሚፈልግ ሰው ስሙንና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ያወጣ ነበር። የእሱ ጓደኛ ጅማ ነበር። አንድም ቀን አልተያዩም። አሥራ አንድ ዓመት ተጻጻፉ። እኔን ሊያገባኝ ሲል ቀድሞ የነገረው ለእሱ ነው፣ የብሌንን መወለድ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ «ከወረቀት ጋር ነው የምትኖረው» እያልኩ እቆጣው ነበር።

ባለቤቴ በድንገት አረፈ። ወንድሜ ለዚያ ሰው ቴሌግራም ላከለት። የያኔውን ቴሌግራም ነው የምላችሁ። በአምስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ማንም አያውቀውም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ የሟች ምኑ ነዎት?» አሉት። ቆመ። «የብዕር ጓደኛው ነኝ» አለ። ከኮቱ ውስጥ በክር የታሰረ ደብዳቤ አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። የባሌ እጅ ጽሑፍ ነው። ሁሉንም አስቀምጧቸው ኖሯል። ያን ቀን ከመጣው ሰው ሁሉ ዛሬም ፊቱ የማይጠፋኝ እሱ ነው። ደብዳቤዎቹም አሁን ድረስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አሉ፣ ብሌን አባቷን ያወቀችው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ «ምኑ ነህ?» ቢሉህ አትደንግጥ። ጓደኛው ነኝ በል። እንዴት ተዋወቃችሁ ካሉህ እንደሆነው ተናገር። ሌላው፣ ለቅሶ ቤት ገብተህ ስልክህን አታውጣ። ብዙ አታውራ። ቢያለቅስ አታባብለው፣ አጠገቡ ተቀመጥ። ንፍሮ ቢሰጡህ ተቀበል። ስትወጣ እህቱንም ተሰናበታት፣ ሴት ልጅ በእናቷ ለቅሶ ላይ እንግዳ ስታስተናግድ ራሷ የማልቀሻ ጊዜ አታገኝም።

---

ቤዛ_ሶሾ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄን ያኔ ሰምቼው ቢሆን የጽሑፌን ግማሽ እንደገና እጽፈው ነበር።

@ታቦር_ሥር አንተም አሳምነኸኛል። «ስስ» ያልኩትን መልሻለሁ።

---

ሸማኔዋ

ጅዳ ያለሁት እኔ ነኝ። አሞራ እዚህ እንደጻፍክ ያወቅኩት ሊንኩን ግሩፑ ላይ ስላስቀመጥከው ነው።

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከግቢ የምወጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። አማርኛ የማወራው ማታ ከናንተ ጋር ብቻ ነው። እዚያ ዓለም ውስጥ ቤት የሠራልኝ ጎተራ ነው፣ እናቴ ቤት ምን እንደሚመስል እየጠየቀኝ። በሩ በየት በኩል ነው፣ የቡና ዛፉ የት ጋ ነው እያለ። የቡና ዛፍ እዚያ ጨዋታ ላይ ስለሌለ በሌላ ቅጠል ሠራልኝ።

የኔ እናት ያረፈች ጊዜ አልሄድኩም። መሄድ አልቻልኩም። እነሱ አራቱ ናቸው ያን ሳምንት ሳይጫወቱ ገብተው ዝም ብለው አብረውኝ የተቀመጡት። ስለዚህ አሞራ ሂድልን። ለእህቱ ትንሽ ነገር በሰው በኩል ልኬያለሁ። የኔንም እቅፍ አድርገህ ስጠው።

---

ናዝሬት_04

እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። አሞራ፣ ሐሙስ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ፣ ብቻህን አትገባም።

---

አሞራ_ሐዋሳ (ቅዳሜ ከሰዓት)

ሄድኩ። ስንቶቻችሁ በውስጥ መስመር እንደጠየቃችሁኝ አልነግራችሁም፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

ማክሰኞ ማታ እህቱን በድምፅ አገኘኋት። «አሞራ ነኝ» ስላት «የሐዋሳው?» አለች። ያኔ ልቤ አረፈ።

ከሐዋሳ የተነሳሁት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ሞጆ ወርጄ አዳማ የደረስኩት 5 ሰዓት ገደማ ላይ። ናዝሬት_04 እንዳለው መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ነጠላም ይዞልኝ ነበር። እዚህ ዓለም ላይ ስንት ጥሩ ሰው አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ወዲያው ጎተራን መለየት አልቻልኩም። ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። የትኛው ነው? በፊት ለፊት ካሉት አባት ጀምሬ «እግዜር ያጽናችሁ» እያልኩ መጨበጥ ጀመርኩ። አራተኛው ሰው ጋ ስደርስ ከጎኑ ያለው ልጅ ቀና አለ። ገና እሱ ጋ አልደረስኩም። ድምፄን ሰምቶ ነው። «አሞራ?» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

አዎ፣ ተጠየቅኩ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ አጎቱ ይመስሉኛል። «የምን ጓደኛው ነህ፣ የትምህርት ቤት ነው?» አሉኝ። እትዬ እንዳሉኝ እንደሆነው ልናገር ስል እህቱ ቀደመችኝ። «እማዬ ማታ ማታ የምትሰማቸው ልጆች ናቸው» አለቻቸው። ለካ የእናቱ መኝታ ክፍል ከእሱ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ድምፃችንን ትሰማ ነበር። አልፎ አልፎ ግድግዳውን መታ መታ ታደርግና «እነዚያ ልጆች ራት በልተዋል? አይተኙም እንዴ?» ትለው ነበር አሉ። እኛ ያንን መታ መታ ሁሌ እንሰማው ነበር። ጎረቤት እየተቆጣ ነበር የሚመስለን።

የሸማኔዋን አደራ አድርሻለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያቀፍኩት፣ «ሁለተኛው የጅዳ ነው» ብዬ።

ትናንት ማታ ሳናስበው «ከፍቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ገባን። ከጨዋታው ስትወጣ በቆምክበት ቦታ ነው ተመልሰህ የምትገኘው፣ ስለዚህ ሰኞ ማታ የቆመበት በር ላይ ነበር። ብዙም አላወራንም። ድሬዳዋ ያለው ልጅ ችቦ ተከለ። ጎተራ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አየ፣ ምንም አላወጣም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ «ሰው መጣ» ብሎ ወጣ።

@ሠፈነ_ልቦና ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ አለን፣ ሰሞኑን ጎተራንም ጠይቄዋለሁ፣ «ይምጣ» ብሏል። ከፈለግክ ጻፍልኝ።

አርባው ላይ የጎንደሩ ልጅም ሊመጣ ነው፣ መጀመሪያ ሐዋሳ እኔ ጋ ያድርና አብረን እንሄዳለን። እትዬ፣ አርባ ላይ ባዶ እጅ ይኬዳል ወይስ የሚያዝ ነገር አለ? እኛ ከአምስታችን ያዋጣነው ትንሽ ብር አለ፣ ለእህቱ ብንሰጣት ነው ወይስ በዕድራቸው በኩል ነው የሚሻለው?

---

እመ_ብሌን

ልጄ፣ ለእህቱ ስጧት። በእጇ፣ ሰው ሳያይ። ቡናና ስኳርም ጨምሩበት። የጎንደሩን ልጅ ደግሞ ሲመጣ እኔ ጋ ይዘኸው ና፣ አሞራ ገደል የሚሸጠውን አሳ ሳይበላ ከሐዋሳ አይወጣም።